ሄሮድስን ከመድረክ አታውርዱት

በሕይወቴ ወታደር የሆንሁት አንድ ቀን ብቻ ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርሁ። ሰይፌ ከሣጥን ጣውላ የተጠረበ፣ ጥሩሬ ከዱቄት ወተት ቆርቆሮ የተቀጠቀጠ፣ አለቃዬም ሄሮድስ ነበር።

ቀኑ ታኅሣሥ 29 ቀን 1982 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ገና እሑድ ውሎ ነበር። የሌሊቱ ቅዳሴ አልቆ፣ ጾሙ ተፈትቶ፣ የሰፈሩ ሰው ከዶሮውም ከጠላውም ቀማምሶ ትንሽ ጋደም ካለ በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ዛፍ ላይ የተንጠለጠለችው የመኪና ቸርኬ በብረት ትመታለች። ይህን ጊዜ ሁሉም ያውቃል፤ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ልጆች ተውኔት ሊያሳዩ ነው። እናቶች በአዲስ ነጠላ፣ አባቶች በጋቢ፣ ሕፃናት በእናቶቻቸው ጀርባ ሆነው ወደ ቆርቆሮው አዳራሽ ይጎርፋሉ። አግዳሚ ወንበሩ የማይበቃቸው በመስኮት ይንጠለጠላሉ። መጋረጃው ሁለት አንሶላ ተጋጥሞ የተሰፋ ነው፤ በሽቦ ላይ ሲሳብ የሚያሰማው የሲጥሲጥታ ድምፅ እስከ ዛሬ በጆሮዬ አለ። ከዚያ ወዲህ በትልልቅ ቴአትር ቤቶች ከባድ የከፋይ መጋረጃ ሲገለጥ አይቻለሁ፤ ልቤን እንደዚያ ያዘለለው ግን የለም።

ዝግጅቱ የሚጀመረው ኅዳር 15 ቀን፣ ከነቢያት ጾም ጋር ነበር። ከተማሪ ቤት መልስ፣ ከሠርክ ጸሎት በኋላ፣ በባዶ ሆዳችን እንሰበሰባለን። ጾሙ ከአርባ ቀን በላይ ስለሆነ ለልምምድ የሚበቃ ጊዜ ነበረን፤ ለጠብም እንዲሁ። የጠቡ ሁሉ መነሻ የገጸ ባሕርያት ድልድል ነው። እመቤታችንን ሆና የምትቀርበው ልጅ ጾሙን በትክክል የጾመች፣ ከሰው ያልተጣላች መሆን ነበረባት፤ ስለዚህ ዕጩዎቹ በዚያ ሰሞን የሚያሳዩት ትሕትና ወላጆቻቸውን ያስገርም ነበር። መላእክቱ ነጭ ነጠላ ለብሰው፣ ከካርቶን የተቀደደ ክንፍ በሲባጎ ያስራሉ። ኮከቡ ከሲጋራ ፓኮ ውስጥ ከሚወጣው የብር ወረቀት ይሠራል፤ የሚያጨስ አባት ያለው ልጅ በዚያ ወር ክብሩ ከፍ ይላል። ለሰብአ ሰገል ካባ ከየቤቱ የተለመነ የሶፋ ልብስ ነው። ወርቁ የቢራ ቆርኪ፣ ዕጣኑ እውነተኛ ዕጣን፣ ከርቤው ግን ምን እንደሆነ ማናችንም ስለማናውቅ በጨርቅ የተጠቀለለ ድንጋይ ነበር።

ሁላችንም የምንመኘው ግን ንጉሥነትን ሳይሆን እረኝነትን ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ እረኞቹ ገና ይጫወታሉ። የገና ጨዋታ መነሻው እረኞች የጌታን መወለድ ሲሰሙ በደስታ በበትራቸው ሩር መምታታቸው ነው የሚለውን ትውፊት የተውኔቱ ደራሲ አስገብቶት ነበርና፣ እረኛ የሆነ ልጅ በመድረክ ላይ፣ በካህናት ፊት፣ በፈቃድ ሩር ይለጋል። በገና ጨዋታ ጌታ አይቆጣም እንዲሉ፣ አንዴ ሩሯ መድረኩን አልፋ የአንድ ቄስ ጥምጥም ብትመታም የተቆጣ አልነበረም። በግ ደግሞ እውነተኛ በግ ነበር። ከጎረቤት የተዋሰነው ነው፤ ለበዓሉ የተገዛ ሙክት ቢሆንም ተውኔቱ እስኪያልቅ ድረስ እንዳይታረድ ተለምኖለት፣ በትወናው አንድ ቀን ዕድሜ ተጨመረለት።

እኔ እረኛ አልሆንሁም። ድምፄ ወፍራም ነው ተባለና ለሄሮድስ ወታደርነት ተመለመልሁ። ሁለት ቀን አለቀስሁ።

* * *

ተውኔቱን የጻፈውና ያዘጋጀው ከእኛ በአሥር ዓመት ያህል የሚበልጥ ወጣት ነበር። ጋሼ እንለው ነበር። ሐምሳ ቅጠል ባለው ደብተር ላይ፣ በጥቁር ስክሪፕቶ፣ ቀጥ ባለ እጅ ጽሑፍ የጻፈውን አንዱን ቅጂ ለሁላችን ያነብልናል፤ እኛም በቃል እንይዛለን። ጋሼ ከሌሎቹ ወጣቶች የሚለይበት አንድ ነገር ነበረው፤ ከቅጥር ግቢው አይወጣም። የሚያድረው ዕቃ ቤት ውስጥ እንደሆነ እናውቃለን። ለምን ብለን ግን አልጠየቅንም። በዚያ ዘመን ልጆች መጠየቅ የሌለባቸውን ነገር ማንም ሳይነግራቸው ያውቁ ነበር።

በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ከወጣ ወዲህ ሰፈራችን ወጣት ያጥረው ጀምሯል። አዋጁ 18 ዓመት የሞላውን ይላል፤ አፈሳው ግን የልደት ምስክር ወረቀት አይጠይቅም ነበር። ዳቦ ሊገዛ የወጣ አይመለስም። ሌሊት በር ይንኳኳል። እናቶች የልጆቻቸውን አልጋ ከሳሎን ወደ ጓዳ፣ ከጓዳ ወደ ቆጥ ያዛውራሉ። መጋቢት 1980 ዓ.ም. አፍአበት ከወደቀች በኋላ ጦርነቱ ይበልጥ ሰው የሚፈልግ ሆነ። ከሰሜን ደብዳቤ የማይመጣባቸው ቤቶች በዙ። አዋቂዎች ይህን ሁሉ የሚያወሩት በሹክሹክታ፣ ሬዲዮው ከተከፈተ በኋላ ነው።

ጋሼ ለሄሮድስ ወታደሮች የጻፈው ቃል አጭር ነበር። ሦስት ወታደሮች ሦስት በር እናንኳኳለን። በሮቹ ከካርቶን የተሠሩ ናቸውና ድምፁን የምናወጣው መሬቱን በእግራችን እየመታን ነው። «ክፈቱ! በንጉሡ ትእዛዝ! በዚህ ቤት ልጅ አለ?» ይህችን ብቻ ነው የምንለው። በመጀመሪያው ቤት ያለችው እናት «የለም» ትላለች፤ ፈትሸን አጥተን እንወጣለን። በሁለተኛው ቤት ያለችው ዝም ትላለች፤ ዝምታዋ ራሱ ያጋልጣታል። የሦስተኛዋ ልቅሶ ይሰማል፤ ከዚያ በኋላ መጋረጃው ይዘጋል። ግድያ አይታይም። ሕፃናቱ ከጨርቅ የተሠሩ ሆነው ሳለ እንኳ ጋሼ በመድረክ ላይ ሰይፍ እንድናነሣባቸው አልፈቀደልንም።

ሌላም ትእዛዝ ሰጥቶናል። ወታደሮች በሙሉ በጎን እንድንቆም፣ ፊታችንን ፈጽሞ ወደ ተመልካቹ እንዳናዞር። ምክንያቱን ሲያስረዳን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ይዞን ገባና የግድግዳውን ሥዕል አሳየን። በአገራችን ጥንታዊ የአሣሣል ሥርዓት ጻድቃን በሁለት ዓይን፣ ፊት ለፊት ይሣላሉ፤ ክፉዎች ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን ብቻ። ሄሮድስና ጭፍሮቹም በግድግዳው ላይ አንድ አንድ ዓይን ብቻ ነበራቸው። «እናንተም እንደዚህ ሁኑ» አለን። በትወና ትምህርት ቤት የሚማሩ ሰዎች እንዲህ ያለውን ነገር ምን ብለው እንደሚጠሩት አላውቅም፤ እኛ ግን አንገታችን እስኪጣመም ተለማመድነው።

በበዓሉ ዕለት የመጀመሪያው በር በደንብ አለፈ። የሁለተኛው በር የእኔ ነበር። እግሬን ሦስት ጊዜ መታሁ። ባለኝ ወፍራም ድምፅ «ክፈቱ! በንጉሡ ትእዛዝ! በዚህ ቤት ልጅ አለ?» አልሁ።

ከአዳራሹ መካከል፣ ከአግዳሚው ላይ፣ የአንዲት ሴት ድምፅ መለሰልኝ።

«የለም! ወስዳችሁታል!»

የሰፈራችን እናት ናቸው፤ ከቤታችን ሦስተኛው በር። ቡና ሲጠጡ ከእናቴ ጋር የሚቀመጡ፣ እኔን ሱቅ ሲልኩ ከመልሱ ሳንቲም የሚተዉልኝ። አንድ ልጃቸው በ1981 ዓ.ም. ክረምት ከመንገድ እንደተወሰደ የማያውቅ አልነበረም። እርሳቸው ግን በሰው ፊት አልቅሰው አያውቁም ነበር፤ ማልቀስም አይቻልም ነበር፤ ልጁ «በግዳጅ ላይ» ነው እንጂ ሞተ አልተባለማ።

አዳራሹ ጸጥ አለ። ከተከለከልሁት ውጭ ፊቴን አዙሬ በሁለት ዓይኔ አየኋቸው። እርሳቸውም ያዩኝ ነበር። ቃሌን ረሳሁ። ከመጋረጃው ጀርባ ጋሼ ቃሉን ሲያንሾካሹክልኝ እሰማለሁ፤ ምላሴ ግን አልታዘዘልኝም። ከተመልካቹ ወገን አንዳንዱ ወደ በሩ ይመለከት ነበር። ያን ጊዜ ለምን እንደሆነ አልገባኝም፤ ማን እንደሰማ እያዩ ኖሯል።

ያኔ ጋሼ ከመጋረጃው ወጣ። ሰው በተሰበሰበበት መታየት የማይፈልገው ሰው በሦስት መቶ ሰው ፊት ወጥቶ አጠገቤ ቆመ። እጁን ትከሻዬ ላይ አድርጎ፣ ለስላሳ በሆነ ድምፅ፣ «ቀጥል» አለኝ። ቀጠልሁ። ሦስተኛው በር ተንኳኳ። የሦስተኛዋ እናት ልቅሶ በልምምድ ጊዜ አንዲት ልጅ ብቻዋን የምታሰማው ነበር፤ ያን ቀን ግን ብቻዋን አልነበረችም። አዳራሹ ከእርሷ ጋር አለቀሰ። ለበዓል የተለበሰው ነጠላ ሁሉ ወደ ዓይን ሄደ። ከዚያም መጋረጃው ሲጥ ብሎ ተከፈተ፤ ቅድስት ድንግል ሕፃኑን ታቅፋ፣ ዮሴፍ በትሩን ይዞ፣ ወደ ግብፅ ሲሰደዱ ታየ። ልጁ አምልጧል። እልልታው ቆርቆሮውን አንቀጠቀጠው።

ሲያበቃ እኒያ እናት በሩ ላይ ጠበቁኝ። ሰይፌን ከእጄ ወስደው መዘኑት።

«ማን ሠራልህ?»

«አባቴ።»

«ጎሽ» አሉኝና መለሱልኝ። ሌላ ምንም አላሉም።

በዚያው ዓመት ከትንሣኤ በኋላ ጋሼን አላየሁትም። ሄደ የሚሉ ነበሩ፤ ተወሰደ የሚሉም ነበሩ። ደብተሩም አብሮት ጠፋ። ግንቦት 1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥና የተበተነው ሠራዊት በእግሩ፣ በባዶ እግሩ፣ እየለመነ ወደየቤቱ ሲመለስ፣ እኒያ እናት ከደጃፋቸው በርጩማ አውጥተው ለብዙ ሳምንት ተቀምጠዋል። ለሚያልፈው ሁሉ ውኃና እንጀራ ይሰጡ ነበር። ልጃቸው አልተመለሰም።

* * *

ይህን ሁሉ ያስታወሰኝ ባለፈው ገና የእኅቴ ልጅ በምትማርበት ሰንበት ትምህርት ቤት ያየሁት ተውኔት ነው። ከእኛ ዘመን ጋር ሲነጻጸር የሀብት ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። አዳራሹ የግንብ ነው። መብራቱ ይለዋወጣል። የመላእክቱ ክንፍ ከላባ የተሠራ፣ ኮከቡም በኤሌክትሪክ የሚበራ ነው። ድካማቸውን አለማመስገን ንፉግነት ይሆናል። ነገር ግን ሁለት ነገር ጎደለብኝ። አንደኛ፣ ልጆቹ አይናገሩም። ንግግሩ ሁሉ አስቀድሞ በስቱዲዮ፣ በአዋቂዎች ድምፅ ተቀድቶ በድምፅ ማጉያ ይለቀቃል፤ ልጆቹ ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ሁለተኛ፣ ሄሮድስ የለም። ሰብአ ሰገል ኮከቡን ተከትለው መጡ፣ ሰገዱ፣ እጅ መንሻቸውን አቀረቡ፤ ከዚያ መዝሙርና ዳቦ ሆነ። በሌላ መንገድ ወደ አገራቸው ለምን እንደተመለሱ የነገረን የለም።

ያዘጋጀውን ወጣት አገኘሁትና በአክብሮት ጠየቅሁት። እርሱም በአክብሮት መለሰልኝ። ድምፁ የተቀዳው ልጆች ስለሚረሱ፣ የኋላው ሰው ስለማይሰማ ነው። ሄሮድስ የወጣው ደግሞ ልጆች እንዳይፈሩ፣ የበዓሉም ደስታ እንዳይደበዝዝ ነው። «ሕዝባችን ያየው መከራ አይበቃም?» አለኝ።

ጥያቄው ቀላል አይደለም። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሰሜን የተካሄደውን ጦርነት የሚያስታውሱ ልጆች በዚያ አዳራሽ ነበሩ። ከዚያ ወዲህም ጠመንጃ ሁሉ ዝም አላለም። አባቱን የሚጠብቅ ልጅ በመድረክ ላይ ወታደር በር ሲያንኳኳ ቢያይ ምን ይሰማዋል? ይህን የሚያስብ አዘጋጅ ርኅሩኅ ነው እንጂ ሰነፍ አይደለም። ያም ሆኖ ተሳስቷል እላለሁ፤ የምለውም በሁለተኛው በር ላይ ቆሜ ስለነበር ነው።

በመጀመሪያ፣ ሄሮድስን ያስወጣችው ቤተ ክርስቲያን አይደለችም። ወንጌላዊው ማቴዎስ በምዕራፍ 2 የሰብአ ሰገልን ስግደትና የሕፃናቱን እልቂት በአንድ ትረካ አያይዞ ነው የጻፈው። ቤተ ክርስቲያንም የቤተ ልሔም ሕፃናትን የምታስበው ጥር 3 ቀን ነው፤ ከገና አራት ቀን በኋላ፣ ድፎው ገና ሳያልቅ። የእመቤታችንን ስደት ደግሞ ከመስከረም 26 ቀን ጀምሮ ባሉት አርባ ቀናት በየእሑዱ ሌሊት በማኅሌተ ጽጌ ቆማ፣ አበባና ልቅሶን አንድ ላይ እየዘመረች ታስበዋለች፤ ኅዳር 6 ቀንም በቁስቋም በዓል ትዘጋዋለች። ሊቃውንቱ ለስደቱ ከዓመቱ አርባ ቀን ሲሰጡት፣ እኛ ከተውኔቱ አሥር ደቂቃ ነፈግነው። ሠዓሊዎቻችንም ቢሆኑ ደስ የሚለውን ብቻ አልመረጡም። ልጅ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ሄሮድስን ከነአንድ ዓይኑ ግድግዳው ላይ ያገኘዋል፤ በአጠገቡ ግን ሁለት ዓይን ያላቸው ብዙዎች አሉ።

ሁለተኛው ነገር የተውኔትን ጠባይ ይመለከታል። የተቀደሰ ታሪክን በአካልና በድምፅ ማሳየት ከውጭ የመጣብን ፋሽን አይደለም። በገና ጠዋት ላሊበላ የሄደ ሰው በቤተ ማርያም ቅጥር የ«ቤዛ ኩሉ»ን ሥርዓት ያውቀዋል። ካህናቱ ገሚሶቹ ከላይ ከዓለቱ አፋፍ፣ ገሚሶቹ ከታች ሆነው እየተቀባበሉ ይዘምራሉ፤ ከላይ ያሉት የመላእክት፣ ከታች ያሉት የእረኞችና የሰው ልጆች ምሳሌ ናቸው። ከዚህ የበለጠ የመድረክ ጥበብ ምን አለ? በሌላው ዓለምም የአሲሲው ፍራንቸስኮስ በ1223 እ.ኤ.አ. በግሬቾ ዋሻ በሬና አህያ አቁሞ ግርግሙን ለገበሬዎች ሲያሳይ፣ የፈለገው የሰሙትን በዓይናቸው እንዲያዩት ነው። በመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ የቤተ ክርስቲያን ተውኔቶች ሄሮድስ ዋነኛው ጯኺ ገጸ ባሕርይ ነበር። ሼክስፒር፣ ፀጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ ባመጣው «ሐምሌት» ውስጥ፣ ተዋናዮችን ከሄሮድስ በላይ እንዳይጮኹ የሚያስጠነቅቀው፣ ያ ጩኸት በተመልካቹ ጆሮ ውስጥ ስለነበር ነው።

የእኛም ዘመናዊ ተውኔት ሲወለድ ከገዥ ጋር ተፋጥጦ ነው የተወለደው። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «የአውሬዎች ኮሜዲያ»ን በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ባሳየ ጊዜ፣ መኳንንቱ በአውሬዎቹ ውስጥ ራሳቸውን አዩና ተውኔት ታገደ። ቀጥሎ የመጣው ዮፍታሔ ንጉሤ ከቅኔ ቤት የወጣ ሊቅ ነው፤ ሰምና ወርቁን ይዞ ነው ወደ መድረክ የመጣው። የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር በ1948 ዓ.ም. ሲመረቅ የታየው የመኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ነበር። የሰውን ሚስት የወሰደና ባሏን ወደ ጦር ግንባር ልኮ ያስገደለ የንጉሥ ታሪክ፣ በንጉሠ ነገሥት ስም በተሠራ ቤት ውስጥ ታየ ማለት ነው። ታሪኩ ከመጽሐፍ ቅዱስ ባይሆን ማን ይደፍረው ነበር? የቅዱሱ ታሪክ በረከቱ አንዱ ይኸው ነው፤ በራስ ቃል መናገር በማይቻልበት ጊዜ ቃል ያበድራል።

ጋሼ ያደረገው ይህንን ነው። ስለ አፈሳ አንዲት ቃል አልጻፈም። የጻፈው ስለ ቤተ ልሔም ነው። እኒያ እናት ግን በሩ የማን በር እንደሆነ አወቁ። ለወራት ሊያለቅሱ ያልቻሉትን ልቅሶ በዚያች ምሽት አለቀሱት፤ ብቻቸውንም አላለቀሱትም። ይህ ደስታቸውን አደበዘዘባቸው? እስከ መጨረሻው ተቀምጠው ሕፃኑ ወደ ግብፅ ሲያመልጥ እልል ካሉት ሰዎች አንዷ እርሳቸው ነበሩ። ሄሮድስ ባይኖር ያ እልልታ ለምን ይባላል? ያልተሳደደ ልጅ አመለጠ አይባልም።

* * *

ልጆችስ አይፈሩም ወይ? ይፈራሉ። እኔም ፈርቻለሁ። ነገር ግን ልጅ ክፋትን የሚያውቀው በመድረክ ላይ አይደለም፤ ከዚያ በፊት በሹክሹክታችን፣ በስልካችን፣ በድንገት ሰብሰብ በምንልበት ሁኔታ አውቆታል። የማያውቀው መጨረሻውን ነው። ተውኔት ይሰጠው የነበረው ይህን ነው፤ ክፋት መልክና ስም እንዳለው፣ ከመጋረጃው በኋላ ሌላ ትዕይንት እንዳለ፣ ሲያበቃም ሄሮድስ ዘውዱን አውልቆ ከእኛው ጋር ዳቦ የሚበላ የሰፈር ልጅ መሆኑን። ሄሮድስን ከተውኔቱ ስናወጣው ከሕይወቱ አናወጣለትም፤ ያለ ስም ብቻ እንተውለታለን።

አቀራረቡ ግን ጥበብ ይጠይቃል፤ ይህን አልክድም። ሰይፍ አይነሣ፤ ደም አይታይ። የጋሼ ሦስት በሮች ይበቃሉ። ሕፃናት በአጠገባቸው ወላጅ ይዘው ይመልከቱ። ከተውኔቱ በኋላም አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ጥያቄያቸውን ይስማ።

የተቀዳውን ድምፅ በተመለከተ ግን ምንም ማለዘቢያ የለኝም። ልጅ ይረሳል፣ ይንተባተባል፣ የኋላው ሰው አይሰማም፤ ሁሉም እውነት ነው። ይሁን እንጂ እኛ በዚያ አዳራሽ የተማርነው ቃል መያዝን፣ ቃል መጣልን፣ የጣሉትን በሰው ፊት ማንሣትን ነው። ከዚያ መድረክ ወጥተን አንዳንዶቻችን መምህር፣ አንዳንዶቻችን ጸሓፊ፣ አንዱ ሄሮድሳችንም ጠበቃ ሆኗል። የመጀመሪያው የአማርኛ ትምህርታችን፣ ማለቴ አማርኛ ከደረት ሲወጣ ምን እንደሚመዝን የተማርንበት፣ እዚያ ነው። በሉቃስ ወንጌል የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት አንዲት ቃል አይናገርም፤ እንዲያውም ጭራሽ አልተጠቀሰም፤ ስፍራ አለመገኘቱ ብቻ ነው የተነገረው። «ቦታ የለም» የሚለውን ሰው የፈጠሩት ተውኔቶች ናቸው፤ አንድ ልጅ ያን ቃል በራሱ አፍ ብሎት እንዲከብደው።

ከሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር አስባለሁ። በዚያ ቀን የእኔ ድምፅ ከቴፕ የሚወጣ ቢሆን ኖሮ፣ እኒያ እናት «ወስዳችሁታል» ሲሉ ቴፑ አይሰማቸውም ነበር። ሳይደናገጥ፣ ቃሉን ሳይረሳ፣ ድምፃቸውን ውጦ ወደ ሦስተኛው በር ያልፍ ነበር። እኔ ዝም ያልሁት ልጅ ስለነበርሁና ስለሰማኋቸው ነው። የሕያው ተውኔት ዋጋው ሊቋረጥ መቻሉ ነው፤ መድረኩ ላይ የቆመው ሰው ከታች ያለውን ይሰማል። የማይሰማ ድምፅ ለማስታወቂያ ይሆናል እንጂ ለገና አይሆንም።

ዘንድሮ ያ ወጣት አዘጋጅ ደወለልኝ። ስንከራከር ስልኬን ወስዶ ነበር። የጋሼን ተውኔት የማስታውሰውን ያህል ጽፌ እንድሰጠው ጠየቀኝ። እንዲህ ያሉ ደብተሮች በየደብሩ ስንት ጠፍተው ይሆን! ደራሲዎቻቸው ስማቸውን አልጻፉም፤ ያሳተማቸውም የለም። በቃላቸው የያዟቸው ልጆች ግን አሁንም በሕይወት አሉና፣ ይህን የምታነቡ የምታስታውሱትን ብትጽፉት ለሥነ ጽሑፋችን ታሪክ አንድ የጎደለ ምዕራፍ ትሞላላችሁ።

እኔም ተቀምጬ ጻፍሁ። እረኞቹን፣ ሩሯን፣ የሰብአ ሰገልን መንገድ፣ የሄሮድስን ቁጣ፣ ወታደሮቹ በጎን እንዲቆሙ የሚለውን ትእዛዝ ሁሉ። ወደ ሁለተኛው በር ስደርስ ብዕሬ ቆመ። በጋሼ ደብተር ላይ በዚያ ቦታ የተጻፈው «ዝም ትላለች» የሚል ነበር። አሁን ያንን መልሼ ልጽፈው አልቻልሁም፤ የእኒያን እናት ቃል ልጽፍም አልደፈርሁም፤ የእርሳቸው ነውና።

ከ«በዚህ ቤት ልጅ አለ?» ቀጥሎ አንድ ባዶ መስመር ትቼ ወደ ሦስተኛው በር አለፍሁ።